አስታማሚውን ማን ያስታምመው?

ባለፈው ዓመት መስከረም፣ የመካነ ኢየሱስ ከተማ ጭቃ ገና ሳይደርቅ፣ የቤቴን በር ማጠፊያ ዝገት በልቶት ሌላ ልገዛ ወደ አንድ የምስማርና የቆርቆሮ ሱቅ ሄድሁ። አብራኝ የነበረችው ልዕልት ናት። እኔ ታሪክ በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ሕይወት መምህርት ናት፤ ንግግሯ ለስላሳ ነው፣ ከያዘችው ሐሳብ ግን በቀላሉ አትነቀልም። ከሱቁ ስንደርስ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ አንድ ሽማግሌ ትልቅ ጓጉንቸር ቁልፍ በመዳፋቸው እየመዘኑ ከባለ ሱቁ ጋር ይነጋገሩ ነበር።

«ከዚህ የሚበልጥ የለህም?»

«አባቴ፣ ይህ እኮ የእህል መጋዘን የሚቆለፍበት ነው። ከዚህ የሚበልጥ ምን ያደርግልዎታል?»

«ምን እንደሚያደርግልኝ እኔ አውቃለሁ። ካለህ አምጣ፤ ከሌለህ የለኝም በል።»

ልዕልት ድምፃቸውን ስትሰማ አወቀቻቸው። መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ነበሩ፤ ከከተማው ወጣ ብላ ባለች ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ፣ ልዕልትንም በልጅነቷ ፊደል ያስቆጠሩ ሊቅ። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

«እንደምን ሰነበቱ መሪጌታ? እመይቴ ዓለምጸሐይስ ደኅና ናቸው?»

ሽማግሌው ጓጉንቸሩን ከጋቢያቸው ሥር ሸጎጡት።

«ደኅና ናት። ምን ትሆናለች? ማን ምን አለሽ?»

«ኧረ ማንም ምንም አላለኝም። ሰላምታዬ ነው።»

«እንግዲያው ደኅና ናት አልሁሽ።»

ሰላምታን እንደ ክስ የሚሰማ ሰው ቤቱ ውስጥ የደበቀው ነገር እንዳለ ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም። እኔ ይህን በሆዴ ሳስብ ልዕልት ዓይኗን ከእጃቸው ላይ ተክላ ነበር። ከአንጓቸው በላይ የጥፍር ጭረት ይታያል፤ አንዳንዱ የዳነ፣ አንዳንዱ ገና ትኩስ።

«እጅዎን ምን አገኘው?»

«እሾህ ነው። አጥር ሳጥር።»

«መሪጌታ፣» አለች ልዕልት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባቴ ስትሮክ መትቶት አልጋ ላይ በዋለ ጊዜ እኔም እጄን ሲጠይቁኝ እሾህ ነው እል ነበር።»

ሽማግሌው እጃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። የጓጉንቸሩን ዋጋ ከፍለው ወጡ፤ እኛም ተከተልናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ካለች ወይራ ሥር ሲደርሱ ቆሙና ወደ እኔ ዞሩ።

«ይህስ ማነው? ከቀበሌ ነው?»

«የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ አስተማሪ ነው።»

«ስልክህን አውጣው እስቲ ልጄ። አጥፋው። ጠፍቶ ልየው።» አጠፋሁት። እሳቸውም አዩትና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሌላ ሰው ይሰማ እንደሆነ ግራ ቀኙን ከቃኙ በኋላ የሆነውን ነገሩን።

ወይዘሮ ዓለምጸሐይ መርሳት የጀመሩት ከዚያ ቀደም ካለው ክረምት በፊት ነው። መጀመሪያ ወጡ ላይ ጨው ደጋግሞ መጨመር፣ ቀጥሎ የጎረቤትን ስም መሳት ነበር። ኋላ ግን የብር መስቀላቸውን ራሳቸው ከገብሱ ጎታ ውስጥ ይደብቁና ባላቸውን «ሰረቅኸኝ» ይላሉ። በልጅነት ተጋብተው ዕድሜያቸውን ሙሉ አብረዋቸው የኖሩትን ባላቸውን «አንተ ማነህ? ከቤቴ ውጣ!» ብለው ይቧጭራሉ። በዚያ ላይ ባላቸው ቅኔ ሊያስተምሩ ወይም ማኅሌት ሊቆሙ ሲሄዱ በር ከፍተው ወደ ተወለዱበት መንደር እሄዳለሁ ብለው ይወጣሉ፤ በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ ትልቅ ገደል አለ። መሪጌታ ማኅሌት ትተዋል፤ ተማሪዎቻቸውንም አሰናብተዋል። ለሰው ሁሉ «ቁርጥማት ይዟት ተኝታለች» ይላሉ።

«ይህ በሽታ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «አጥር የምትጋራን አመተ ማርያም አንድ ቀን ቅቤ አምጥታ አናቷን ቀባቻት። ከዚያ ወዲህ ነው። መተት ነው።»

«እመይቴ አመተ ማርያም ቅቤ ያመጡት መርሳቱ ከጀመረ በኋላ ነው በፊት?»

መሪጌታ አሰቡ። «በኋላ ይመስለኛል። ቢሆንም ሰው ማመን ቀብሮ ነው።»

«ቀብረን ብናምን ለማን ይጠቅማል መሪጌታ?» አለች ልዕልት። ከዚያም ከጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል የአስታማሚዎች ማኅበር እንዳለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደሚገናኙ፣ እሷም በአባቷ ሕመም ጊዜ ገብታ አባቷ ካረፉ በኋላም እንዳልተወችው አስረዳቻቸው። መሪጌታ ቅንድባቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«በማን ስም ነው የሚሰበሰቡት? ሃይማኖት ሊለውጡ ይሆን?»

«ሃይማኖት የሚጠይቅ የለም። የምታሰባስበን ሲስተር ሜሮን ናት፤ የጤና ጣቢያው ነርስ።»

«ጠበሉን ተዉ ይላሉ?»

«አይሉም። ጠበልዎን ይጠመቁ፣ መድኃኒትዎን ይዋጡ፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም ነው የሚባለው።»

«ፎቶ አንስተው በስልክ ይበትኑናላ።»

«ስልክ ሁሉ ተዘግቶ ነው የሚገባው። እርስዎ የዚህን ሰው ስልክ እንዳስጠፉት ማለት ነው።»

«እሺ፤ ተሰብስቦ ማውራት ማንን አዳነ?»

«የታመመውን ያድናል ብዬ አልዋሽዎትም። እናድናለን የሚል ማኅበር ቢያጋጥምዎ ራሴ ይሽሹ እልዎታለሁ። ይህ የሚያግዘው አስታማሚውን ነው።»

«አስታማሚው ምን ሆነና?»

«ሌሊቱን ሙሉ የተኙት መቼ ነው? ማኅሌት የቆሙትስ?»

ልዕልት ቀጠለች። «ገብስ ሲደርስ ብቻዎን ያጭዳሉ መሪጌታ?»

«ወንፈል እጠራለሁ እንጂ።»

«ወንፈል የመጣው ሰው ማሳዎን አረም እንደ በላው ቢያይ ያፍራሉ?»

«ለምን አፍራለሁ? የእሱም ማሳ አረም አለው።»

«ይህም ወንፈል ነው። አንዱ የሌላውን ሸክም ይሸከም ያለውን የሐዋርያውን ቃል ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»

«አይ ልጄ! ማሳና ገበና አንድ አይደለም። ማሳ ሜዳ ላይ የተዘረጋ ነው፤ ገበና ክዳን አለው። ክዳኑን የከፈተ ሰው መልሶ አይከድነውም።»

«ከዚያ ክዳን ሥር ያሉት እመይቴ ብቻ አይደሉም፤ እርስዎም አብረው እየታፈኑ ነው። ደግሞም…» ወደ ጋቢያቸው አመለከተች፣ «ያንን በር ላይ ቆልፈው ሲሄዱ ምድጃው ውስጥ የቀረ ፍም ቤቱን ቢይዘው፣ እመይቴ በየት ይወጣሉ?»

መሪጌታ ከብዙ ሰው ጋር የተከራከሩ፣ በቅኔ ጉባኤ ማንም ያልረታቸው ሰው ናቸው። አሁን ግን ጓጉንቸሩን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ድንጋዩ ላይ አኖሩት። «እስከ ቅዳሜ አልቆልፍም» አሉ። «ግን ቅዳሜ እኔ ከዚያ ስሄድ እሷን ማን ይጠብቃል?»

«እኔ እጠብቃለሁ።»

ዓይናቸውን አጠበቡ። «እኔን ወደዚያ ልከሽ ቤቴን ልታዪ?»

«አዎ መሪጌታ፣ ለማየት ነው። እመይቴን ለማየት።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። በእኛ አገር ጥርጣሬ ያለ ምክንያት አልበቀለም። ምሥጢር ተነግሮ በገበያ የተዘራበት፣ በሽተኛ ያለበት ቤት ልጅ አልድርም የተባለበት ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ መሪጌታን ሞኝ ብሎ የሚስቅ አንባቢ ቢኖር መጀመሪያ የገዛ ቤቱን በር ይመልከት። ስሕተታቸው መጠርጠራቸው አልነበረም፤ ጠርጥረው ሳይመረምሩ መቅረታቸው ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገሩኝ ራሳቸው መሪጌታ ናቸው። ከማኅበሩ ሰዎች አንዱ፣ ክንዱ ስለሚባለው ሰው ያለውንም ክንዱን ሳያስፈቅዱ አንዲት ቃል አላወጡልኝም።

ቅዳሜ ደረሰ፤ ልዕልት ከወይዘሮ ዓለምጸሐይ ዘንድ ቀረች። መሪጌታ ከማኅበሩ ክፍል በር አጠገብ፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አድርገው ተቀመጡ። ሲስተር ሜሮን መናገር የፈለገ እንዲናገር፣ ዝም ማለት የፈለገ ዝም እንዲል፣ የሰሙትንም ከዚያ በር እንዳያወጡት ለሁሉም አሳሰበች። የመሪጌታ ተራ ሲደርስ፣ «ደብረ ታቦር የሚኖር ወንድም አለኝ፤ መርሳት ይዞታል። ለእሱ ብዬ ነው የመጣሁት» አሉ። ወንድም የላቸውም። ወሬው ከወጣ ከየት እንደ ወጣ ይታወቅ ዘንድ ሆን ብለው የጣሉት ወጥመድ ነበር።

ቀጥሎ ክንዱ ተናገረ። ባጃጅ የሚነዳ ጎልማሳ ነው፤ እናቱን ያስታምማል።

«ትናንት እናቴ ጎረቤት ሰብስባ ይህ ሌባ ነው፣ ነጠላዬን ሸጦ ጠጣበት አለችብኝ» አለ። «ነጠላውን እኮ ደርባዋለች! ድሮ እንደዚህ ስትለኝ አለቅስ ነበር፤ ጠልታኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን በሽታው መሆኑን ስለማውቅ፣ ‹ነይ እማዬ አብረን እንፈልገው› እላታለሁ። ትንሽ ፈልገን፣ ትረሳውና ምሳ እንበላለን።»

ሰዎቹ ሳቁ፤ ክንዱም አብሮ ሳቀ። መሪጌታ ግን አልሳቁም። «ሰረቅኸኝ» የሚለው ቃል የሚስታቸው ልብ እንደ ከዳቸው የሚናገር ቃል ይመስላቸው ነበር፤ ወይም የአመተ ማርያም መተት። አሁን ያው ቃል በማያውቋቸው ሴት አፍ፣ በሌላ ቤት ሲነገር ሰሙ። ያን ቀን ወደ ቤታቸው ሲመለሱ መንገድ ላይ እንዳለቀሱ ነግረውኛል።

ቢሆንም ጥርጣሬ በአንድ ቀን አይነቀልም። መሪጌታ ሳምንታት ጆሯቸውን ጥለው ከረሙ። በገበያም በደጀ ሰላምም ሰዎች ሲንሾካሾኩ ካዩ ጠጋ ይላሉ። ወሬው ግን አልመጣ አለ። መታገሥ ቢያቅታቸው በሰንበቴው ላይ አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው፣ «ስለ ወንድሜ የሰማኸው ነገር አለ?» ብለው ጠየቁት።

«ወንድም አለዎት እንዴ መሪጌታ?» አለ ሰውየው ደንግጦ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማንም ሳይጠይቃቸው ተነሡ። «ወንድም የለኝም። ልፈትናችሁ ዋሽቼ ነው። የታመመችው ባለቤቴ ናት፤ ቧጭራኛለች፣ አላውቅህም ብላኛለች፤ እኔም ልቆልፍባት ነበር» አሉ። ሰው ሁሉ ይስቅብኛል፣ ወይም ይቆጣኛል ብለው ጠበቁ። ክንዱ ግን፣ «እኔም የመጀመሪያ ቀን የጎረቤቴ እናት ናት ብዬ ነው የገባሁት» አለ። አንዲት ሴት ደግሞ፣ «እኔም የአክስቴ ልጅ ብዬ ነበር» አለች። ያን ጊዜ መሪጌታ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረዋቸው ሳቁ።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ተጀመረ። ሲስተር ሜሮን መርሳት ሁሉ አንድ እንዳልሆነ፣ ከእንቅርትም፣ ከደም ማነስም፣ ከሐዘንም ሊመጣ የሚችል፣ ታክሞ የሚመለስም እንዳለ ነገረቻቸው፤ ስለዚህ መጀመሪያ መመርመር ነው። ክንዱ በባጃጁ እስከ መናኸሪያው አደረሳቸው፤ ደብረ ታቦር ሄደው ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ተመረመሩ። ሐኪሙ የእሳቸው እየጨመረ የሚሄደው ዓይነት እንደሆነ፣ እንደማይድን፣ ነገር ግን በረጋ ቤትና በረጋ ሰው መካከል ብዙ እንደሚቀልላቸው ነገራቸው። መሪጌታ አዘኑ። ሆኖም ቁርጡን ማወቅ መተት ሲፈልጉ ከማደር የተሻለ ሆነላቸው።

በበሩ ላይ የጥጃ ቃጭል አሰሩበት፤ በሩ ሲከፈት ይጮኻል። ምድጃውን በጭቃ ከለሉት። ከባዱ ግን ለጎረቤት መንገር ነበር፤ ከሁሉም ከባዱ ለአመተ ማርያም። አንድ ማለዳ ሄደው ከደጃፏ ቆሙ።

«አመተ ማርያም፣ ዓለምጸሐይ ታማለች። መርሳት ነው።»

«አውቃለሁ መሪጌታ» አለች ሴትዮዋ። «ሁለት ጊዜ ከገደሉ መንገድ መልሼ አምጥቻታለሁ። እርስዎ እንዳያፍሩ ብዬ ነው ዝም ያልሁት። ያን ጊዜ ቅቤ የቀባኋት ራሴን ያመኛል ብትለኝ ነው።»

መሪጌታ መሬት መሬት አዩ። «እኔ ደግሞ በአንቺ ላይ ክፉ ሳስብ ከረምሁ። ይቅር በይኝ።» ይቅር አለቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሪጌታ ማኅሌት ሲቆሙ ከወይዘሮ ዓለምጸሐይ ጋር የምትቀመጠው እሷ ናት።

ጥርጣሬያቸውስ የት ደረሰ? አልጠፋም፤ ሥራ አገኘ። አንድ ቅዳሜ አንድ ሽክ ብሎ የለበሰ ሰው ጠርሙስ ይዞ ከማኅበሩ መጣ። መርሳትን የሚነቅል ሥር አለኝ፤ ነገር ግን የሐኪም መድኃኒት ካልተዋችሁ አይሠራም አለ። አንዳንዶች መስማት ጀመሩ። መሪጌታ ከበሩ አጠገብ ሆነው፣ «ልጄ፣ ማንን አዳንህበት?» ብለው ጠየቁ።

«ብዙ ሰው።»

«ከብዙው አንዱን ጥራ። አገሩ የት ነው? ማንስ አየው?»

«በስልክ ያገኘኋቸው ናቸው፤ ስማቸውን መናገር አይገባም።»

«እኛ ስም የምንደብቀው የታመመ እንዳያፍር ነው። አንተ የዳነውን ለምን ትደብቃለህ? መዳን ምን ሐፍረት አለው?»

ሰውየው ጠርሙሱን ይዞ ወጣ፤ ተመልሶም አልመጣ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሰው ሲመጣ በሩ አጠገብ ተቀምጠው የሚቀበሉት መሪጌታ ናቸው። «ጠይቀን ልጄ፣ አትፈር። እኔ ካንተ ይልቅ ጠርጣሪ ነበርሁ» ይሉታል።

ባለፈው የጥር ወር በሰንበቴው ቀን የደብሩ ሰው በተሰበሰበበት ተነሥተው ተናገሩ። እኔም ልዕልትም በእንግድነት ነበርን።

«ወገኖቼ፣ ባለቤቴ ቁርጥማት አልያዛትም፤ መርሳት ነው። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ከመካከላችሁ የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ፣ አልጋ የያዘውን አባት፣ ስኳር ያዛላትን እናት በር ዘግቶ የሚያስታምም እንዳለ ስለማውቅ ነው። እኔ ከዚያ ማኅበር ያገኘሁትን ልንገራችሁ። ሚስቴ አልዳነችም። እኔ ግን እተኛለሁ። ማኅሌት እቆማለሁ፤ ተማሪዎቼም ተመልሰዋል። ስትሰድበኝ የምትሰድበኝ እሷ እንዳልሆነች አውቃለሁና አልመልስላትም፤ ስለማልመልስላትም መቧጨሯን እየተወች ነው። መንደሩ ስለሚያውቅ ብትወጣም እጇን ይዞ የሚመልሳት አለ። ማኅበር የምትፈልጉ ከጤና ጣቢያው ጠይቁ። ጠርጥሩም፤ መጠርጠር ኃጢአት አይደለም። ምሥጢር ይጠብቃሉ? መድኃኒት ጣሉ ይላሉ? የሚሸጡት ነገር አለ? ልውጣ ብል ይለቁኛል? ብላችሁ ጠይቁ። ለእናንተ በሽታ የሚሆን ማኅበር ካጣችሁ ደግሞ ያንኑ በሽታ የሚያስታምሙ ሁለት ሦስት ቤቶች ፈልጋችሁ ተቀመጡ። ማኅበር ማለት ይኸው ነው።»

ከኋላ አንድ ገበሬ፣ «መሪጌታ፣ ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው?» ሲል ተሰማ። ሌላ ሰው ደግሞ፣ «እኔም አብሬህ እወርዳለሁ» አለው።

ሰንበቴው ሲበተን መሪጌታ ቤታቸው ወሰዱን። ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ከደጃፉ ፀሐይ ላይ ከአመተ ማርያም ጋር ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር። እጃቸው ፈጣን ነው፤ ከእጃቸው ምንም አልጠፋም። ባላቸው ሲቀርቡ ቀና ብለው አዩአቸው።

«አንተ ማነህ?»

ድሮ ቢሆን መሪጌታ «ባልሽ ነኝ!» ብለው ይጮኹ ነበር፤ ጠቡም ከዚያ ይጀምር ነበር። አሁን ግን ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ።

«እንግዳ ነኝ እመቤቴ።»

«እንግዲያው አረፍ በል» አሉ ወይዘሮ ዓለምጸሐይ፣ አጠገባቸው ካለው መደብ ላይ ገለባውን በእጃቸው እየጠረጉ። «ባለቤቴ ማኅሌት ቆሞ ነው፣ አሁን ይመጣል። ደግ ሰው ነው፤ እንግዳ አያሳፍርም።»

መሪጌታ ተቀመጡ። ፊታቸውን ወደ እኛ መለሱ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ አፋቸው ግን ይስቅ ነበር።

«ሰማችሁ?» አሉ። «ይህን ሁሉ ዘመን ስንኖር ደግ ሰው ነህ ብላኝ አታውቅም ነበር።»

ከዚያም ከሚስታቸው እቅፍ ጥቂት ባቄላ ዘግነው አብረው ይፈለፍሉ ጀመር።